ቨርጂኒያ፦ በ400 ዶላር ከልብስ ስር የሚታጠቅ፣ የማይከዳ ሽጉጥ የቱ ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ያለች ሱቅ አለች፤ ማታ ማታ ሒሳቡን ይዤ የምዘጋት እኔ ነኝ። ግሪን ካርድ አለኝ፣ 21 ዓመት ካለፈኝ ቆይቷል፣ የወንጀል መዝገብ የለብኝም። በሕጉ መሠረት ፈቃድ አውጥቼ ከሸሚዝ ስር የምታጠቀው ሽጉጥ ልገዛ አስቤያለሁ። ለሽጉጡ የመደብኩት 400 ዶላር ነው። ስም ለመግዛት ገንዘብ የለኝም። የምፈልገው ቃታው ሲሳብ የሚተኩስ፣ ሳይሳብ ደግሞ ዝም የሚል ነው። የያዛችሁም፣ የሸጣችሁም፣ ሠራዊት ቤት የነበራችሁም ጻፉልኝ።

ተጨማሪ፦ ክሩ፣ ማለትም የምላሾቹ ሰንሰለት፣ ረዝሟል፤ መሃል ላይም ስድብ ገብቶበታል። አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉን እያነበበ እንዳይደክም ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የማይጠቅመውን በአንድ መስመር አልፌዋለሁ፤ የራሴንም ሐሳብ ጣል አድርጌበታለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ካልሆነ እነግራችኋለሁ።

1ኛ። ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ከብረቱ በፊት ወረቀቱን እንድጨርስ መከረኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ማመልከቻው የሚገባው በሚኖሩበት ከተማ ወይም ካውንቲ ላለው ሰርኪት ፍርድ ቤት ነው። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ፈቃዱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ቪዲዮ አይቶ ብቻ የሥልጠና ሰርተፊኬት ማተም ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ቀርቷል፤ አስተማሪ ፊት መቆም ግድ ነው። ስለ ሽጉጥ የተናገረው በመጨረሻ ነው፦ ያገለገለ ግሎክ 19 ፈልጌ ነገሩን እንድገላገል።

2ኛ። እህታችን ነርስ ናት፤ ከ1ኛው ጋር አልተስማማችም። ግሎክ 19 ጥሩ መሆኑን አልካደችም፤ ነገር ግን 15 ጥይት የሚይዝ ካዝና ያለው ሽጉጥ ቀጭን ሰው ወገብ ላይ እጀታው ሸሚዙን እየገፋ ቁልጭ ብሎ ይታያል ባይ ናት። የእሷ ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። ጥይት ለማቀባበል ስላይዱን፣ ማለትም የሽጉጡን ተንሸራታች ላይኛ ብረት፣ ወደኋላ መሳብ ያቅታት ስለነበር ሻጩ ሁሉ ሪቮልቨር (ጥይቱ የሚሽከረከር ጎማ ውስጥ የሚገባበት ሽጉጥ) ግዢ እያለ ይሸኛት ነበር። መፍትሔ ያገኘችው ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ ነው፤ ሞላው ልል ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ሳትታገል ትስበዋለች። ያገለገለ ለሚገዛ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምራለች፦ በ2020 ከማርች እስከ ኦክቶበር ከተሠሩት የ9 ሚሊሜትር ኢዚዎች መካከል መዶሻቸው ሊሰበር የሚችል ስለተገኘ ፋብሪካው መልሶ ጠርቷቸዋል። መለያ ቁጥሩን ሳያጣሩ እንዳትከፍሉ ብላለች። ከክሩ ሁሉ ለኪሴ የጠቀመኝ የእሷ ምላሽ ነው።

3ኛ። ወደ ሕጉ መለሰን። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የገባ ግን፣ የአደን ፈቃድ እንደመያዝ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይችልም። ሱቁ ውስጥ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ 4473 ሕገወጥ አደንዛዥ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለው። ቨርጂኒያ በ2021 ትንሽ ማሪዋና መያዝን መፍቀዷ የፌዴራሉን መልስ አይለውጠውም፤ ቅጹ ላይ ዋሽቶ መፈረም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

4ኛ። ጫትስ? የምትል አንዲት ቃል።

5ኛ። ለ4ኛው የመለሰው ሰው ስቆበት ነው የጀመረው፤ መልሱ ግን የምር ነበር። ካቲኖን፣ ማለትም እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ነው የተመዘገበው። ከዚህ በኋላ ስለ ጫት የተጻፉትን እስከ 7ኛው ያሉ ምላሾች ዘልያቸዋለሁ፤ ስለ ሽጉጥ አንድም ነገር የላቸውም።

8ኛ። ርካሹን ግዛ ባይ ነው። ሃይ ፖይንት ሲ9 እጅግ ርካሽ መሆኑን፣ አሜሪካ ውስጥ እንደሚሠራና የዕድሜ ልክ ዋስትና እንዳለው ጻፈ። ይህ እውነት ነው። ያልጻፈው ክብደቱን ነው፦ ባዶውን ከ800 ግራም በላይ ይመዝናል፤ የሚይዘውም 8 ጥይት ነው።

9ኛ። 8ኛውን አላሳለፈውም። ያን የሚያህል ብረት ቀበቶ ስር ከቶ ሙሉ ቀን የሚቆም ሰው አይቶ እንደማያውቅ፣ ይህን የሚመክረው ሰው አንድም ቀን ታጥቆ እንደማያውቅ በግልጽ ነገረው። አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ ነጥቡን ግን እኔም እቀበለዋለሁ። ቤት መሳቢያ ውስጥ ለሚቀመጥ ሽጉጥ ክብደት ምንም አይደለም፤ ወገብ ላይ ለሚውል ግን ሁለት ሳምንት ታጥቀውት ከዚያ ቤት ጥለውት ይወጣሉ።

10ኛ። የታውረስ ጂ3ሲ ባለቤት ነው። ከ300 ዶላር በታች ገዝቶት፣ 12 ጥይት ይይዛል፣ ለሱ አልከዳውም።

11ኛ። በታውረስ ላይ አሮጌውን ክስ አነሳ። ፒቲ 111ን ጨምሮ የድሮ ሞዴሎቹ መሬት ሲወድቁ ይተኩሳሉ ተብሎ ፍሎሪዳ ውስጥ የቀረበው የጋራ ክስ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በስምምነት ተዘግቷል። ስለዚህ ታውረስ የሚባል ቤቱ እንደማይገባ ጻፈ።

12ኛ። አትላንታ አካባቢ ያለ ወንድማችን ለ11ኛው መልስ ሰጠ። ጂ3ሲ ከክሱ በኋላ የወጣ እንጂ በክሱ ውስጥ ያለ ሞዴል አይደለም፤ ኩባንያው የአሜሪካ ፋብሪካውን በ2019 ከማያሚ ወደ ጆርጂያ፣ ቤይንብሪጅ ካዛወረ ወዲህ ጥራቱ ተሻሽሏል ባይ ነው። ደግሞስ ችግር ያልገጠመው ማን አለ? ሲግ ሳወር እንኳ ፒ320ን መሬት ወድቆ ይተኩሳል ከተባለ በኋላ በ2017 ያለ ክፍያ አስተካክላለሁ ብሎ ባለቤቶቹን ጠርቷል። እዚህ ላይ እኔ ከ12ኛው ጋር ነኝ፦ መጠየቅ ያለበት የፋብሪካው ስም ሳይሆን የሞዴሉና የተሠራበት ዓመት ታሪክ ነው።

13ኛ። ጋሼ ገቡ። በደርግ ጊዜ መኮንን የነበሩ ሰው ናቸው። ማካሮቭን የሚያህል ሽጉጥ እስከ ዛሬ እንዳልተሠራ፣ ጭቃ ገብቶበትም ሲተኩስ በዓይናቸው እንዳዩ፣ ስምንት ጥይት ለቆራጥ ሰው ከበቂ በላይ እንደሆነ ጻፉ። ደስ የሚል ምላሽ ነው፤ ረጅምም ነው። ግማሹ ስለ አሥመራ ነው።

14ኛ። አንድ ጎረምሳ ጋሼን አንተ እያለ አረማቸው። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ እዚህ አገር በየሱቁ የሚሸጠው 9 ሚሊሜትር ግን 9 በ19 ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ አይገባም። ጥይቱን ፈልጎ መግዛትም ውድ ነው። ነገሩ ልክ ነው፤ አባባሉ ግን የአሳዳጊ ያለህ የሚያሰኝ ነበር።

15ኛ። ታላቅን አንተ ማለት የት እንደተማረ 14ኛውን ጠየቀው።

16ኛ። ጋሼ ራሳቸው ተመልሰው፣ ልጁ ስለ ጥይቱ የተናገረው ትክክል መሆኑን አመኑ፤ አንተ በመባላቸውም እንዳልተቆጡ ጻፉ። ማካሮቩን ግን አልተዉም።

17ኛ። በክሩ ውስጥ ከባዱ ምላሽ ይህ ነው። ጻፊው ታክሲ ሹፌር ነው፤ አንድ የሚያውቀው ሰው የቨርጂኒያ ፈቃዱን ኪሱ ይዞ፣ ሽጉጡን ታጥቆ፣ የ14ኛ መንገድን ድልድይ ተሻግሮ ዲሲ ገባ። ለትራፊክ ጉዳይ ተይዞ፣ ፈቃድ አለኝ ብሎ በደስታ አወጣው። ዲሲ የቨርጂኒያን ፈቃድ አትቀበልም። እዚያ ያለ ዲሲ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው፤ ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ መዘዙ ከእስሩም ይብሳል። ሰውየው ጠበቃ ቀጥሮ ብዙ ገንዘብ ከስክሶ ነው የወጣው። ሜሪላንድም የቨርጂኒያን ፈቃድ አትቀበልም፤ ስለዚህ ለቡና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ሰው ሽጉጡን ቤት ትቶ ይሂድ።

18ኛ። 17ኛውን አሟላ። በ1986ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት ሽጉጡ ጥይት ወጥቶለት፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተቆልፎ ከተቀመጠ ከሚፈቀድበት ወደሚፈቀድበት ግዛት ማለፍ ይቻላል። ማለፍ ማለት ግን ማለፍ ነው፤ መሃል ላይ ወርዶ እራት መብላት አያካትትም።

19ኛ። ስለ ዳላስ ነው፤ ቴክሳስ ሳይሆን አውሮፕላን ማረፊያው። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ ቢኖርም ሽጉጥ ይዞ የአየር ማረፊያ ተርሚናል መግባት ወንጀል ነው። እንግዳ ለመቀበል ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሁሉ ይህን ልብ ይበል። ኡበር የሚነዱትም እንዲሁ፦ ኩባንያው ከ2015 ጀምሮ ሹፌርም ተሳፋሪም መሣሪያ እንዳይዝ ከልክሏል።

20ኛ። ምላሹ አጭር ነው፤ ግን ማንም ያላሰበው ጥያቄ ነበር፦ የሱቁ ባለቤት ፈቅዷል ወይ? የመንግሥት ፈቃድ ሌላ፣ የአሠሪ ፈቃድ ሌላ። ጠየቅኩት፤ ፈቅዷል።

21ኛ። እህት ናት፤ አልማረችንም። ቤት ውስጥ ልጅ እያለ ሽጉጥ ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ስንቶቻችን እንዳሰብንበት ጠየቀች። እዚህ አገር በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ ራሳቸውን የሚያጠፉ መሆናቸውን፣ በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ስለ ጭንቀት ማውራት ነውር ስለሆነ ማንም ማንንም እንደማይጠይቅ ጻፈች። ሌባ ከመፍራት በፊት ቤትህ ውስጥ ማን ከፍቶታል ብለህ እወቅ፤ የነገሯ ፍሬ ይህ ነው።

22ኛ። ስድብ ያለበት ምላሽ ነው። የመድረኩ ተቆጣጣሪ አጥፍቶታል፤ እኔም አልደግመውም።

23ኛ። ተቆጣጣሪው ራሱ። ማስጠንቀቂያ።

24ኛ። ለ21ኛዋ በጨዋነት የመለሰ አባት ነው። አልጋው አጠገብ በብሎን የታሰረች፣ በቁጥር የምትከፈት የብረት ሳጥን አለችው። ቤት ሲገባ ከወገቡ ፈትቶ እዚያ ያስገባዋል፣ ሌላ ቦታ አያስቀምጥም፤ ትራስ ስርም፣ ቁም ሳጥን ላይም፣ ሚስቱ ቦርሳ ውስጥም። ሚስቱ ቁጥሩን ታውቃለች፣ ልጆቹ አያውቁም። ቨርጂኒያ ውስጥ ጥይት የተሞላ መሣሪያ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለአደጋ በሚያጋልጥ መልኩ በግዴለሽነት መተው ወንጀል መሆኑንም አስታወሰን። 21ኛዋ ይህን ምላሽ አመሰገነች፤ እኔም ሳጥኑን በበጀቱ ላይ ጨመርኩት።

25ኛ። ተኩስ አስተማሪ ነው፤ የሱ ምላሽ ረዘም ያለ ስለሆነ ተራ በተራ ልውሰደው። መጀመሪያ የኔን 400 ዶላር በታተነው። ጥሩ ማኅደር (ሽጉጡ ወገብ ላይ የሚገባበት መያዣ)፣ ለስላሳ ሳይሆን ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከ50 እስከ 80 ዶላር ነው። ማኅደሩ ቃታውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ምክንያቱም የዛሬዎቹ ትንንሽ ሽጉጦች አብዛኞቹ በእጅ የሚዘጋ መቆለፊያ የላቸውም፣ ቃታው ውስጥ የገባ የሸሚዝ ጫፍ እንኳ ሊያስተኩስ ይችላል። ሽጉጡን መልሰህ ስትከት ዓይንህ ማኅደሩ አፍ ላይ ይሁን፣ ጣትህ ከቃታው ይራቅ፣ ሸሚዝህን በሌላኛው እጅህ ከፍ አድርገህ ያዝ፣ ቀስ በል። ማውጣት ነው መፍጠን ያለበት እንጂ መክተት የሚያስቸኩል ነገር የለውም።

ቀጥሎ ወፍራም ቀበቶ፤ በተራ ቀበቶ የታሰረ ሽጉጥ ሱሪ ያወርዳል። ከዚያ ጥይት። ለልምምድ ተራው፣ ለመታጠቅ ግን አፉ ክፍት የሆነው፣ አካል ሲመታ አፉ የሚሰፋውና አልፎ ሌላ ሰው የመምታት ዕድሉ የሚቀንሰው። ይኸኛው 20ው ፍሬ 25 ዶላር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሰዎች በተራው ይለማመዱና የሚታጠቁትን ሳይሞክሩት ይታጠቃሉ። እሱ የሚናደደው በዚህ ነው። አንዳንድ ሽጉጥ ክብ አፍ ያለውን ጥይት እየዋጠ ክፍቱን መንገድ ላይ ያንቀዋል። ታማኝ ሽጉጥ ማለት እንግዲህ ለሱ፣ አንተ በምትታጠቀው ጥይት፣ በአንተ እጅ፣ አንተ በያዝከው ካዝና የተሞከረ ነው። 200 ጥይት ሳይተኩሱበት አይታጠቁ ብሏል።

26ኛ። 200 በዛ።

27ኛ። 200 አነሰ፤ 500።

28ኛ። ለአዲስ ገዢ ጥሩ ታሪክ ያመጣ ሰው ነው። አዲስ የገዛው ሽጉጥ በየካዝናው አንዴ እየተነከሰ ሲያስቸግረው ሱቁ ድረስ ሄዶ ተጨቃጨቀ። ሻጩ ምንም ሳይናገር ወደ ተኩስ ሜዳው ይዞት ገባ፤ በዚያው ሽጉጥ፣ በዚያው ጥይት ካዝናውን ያለ እንከን ጨረሰው። ችግሩ የገዢው አንጓ ነበር። ትንሽ ሽጉጥ ላላ ተደርጎ ከተያዘ እጅ አብሮ ወደኋላ ስለሚሄድ ስላይዱ መንገዱን አይጨርስም፤ ቀልሁ በር ላይ እንደቆመ ይያዛል። ጠበቅ አድርጎ ከያዘው ወዲህ ተሽሎታል።

29ኛ። መጠኑንና ዋጋውን ያመዛዘነ ምላሽ ነው። እስከ 2018 ድረስ ትንሽ ሽጉጥ የሚፈልግ ሰው በጥይት ቁጥር ይከፍል ነበር፤ የ2015ቱ ግሎክ 43 የያዘው 6 ብቻ ነው። ሲግ ፒ365 ያንኑ በሚያህል አካል 10 ይዞ ሲመጣ ሌሎቹም ተከተሉት፦ ግሎክ 43ኤክስ በ2019፣ ሺልድ ፕላስ በ2021። አዲሶቹ ሲወጡ አሮጌዎቹ ዋጋቸው ወረደ። ስለዚህ ያገለገለ የመጀመሪያውን ሺልድ በርካሽ ማግኘት ይቻላል። ከዚህ ሁሉ አንሶ ኪስ የሚገባው ሩገር ኤልሲፒ ማክስ ነው፤ ክብደቱ 300 ግራም ገደማ ነው፣ ግን ሲተኩስ መዳፍ ይገርፋል፣ ጥይቱም .380 ስለሆነ ከ9 ሚሊሜትር ይወደዳል። የሚያም ሽጉጥ ላይ ደግሞ ማንም አይለማመድም።

30ኛ። ፖሊስ የለወጣቸውን ሽጉጦች ጠቆመ። ኤፍቢአይ ወደ 9 ሚሊሜትር ከተመለሰ በኋላ ብዙ የፖሊስ መምሪያዎች .40 ጥይት የሚጠቀሙ ግሎኮቻቸውን ለሻጭ መለሱ፤ እነሱ በጥሩ ዋጋ ይገኛሉ። አፈሙዙ አካባቢ ቀለማቸው በማኅደር ተፍቆ ነጣ ያለ ነው፤ ይህ ማለት ብዙ ታጥቀዋል እንጂ ብዙ ተተኩሶባቸዋል ማለት አይደለም። ሞላውን ቀይሮ መያዝ ነው። ለእኔ ግን ግሎክ 22፣ ማለትም የ.40ው ግሎክ፣ ለወገቤ ይተልቅብኛል።

31ኛ። አዲስ አበባ ይዞት መሄድ ይችል እንደሆነ የጠየቀ።

32ኛ። ለ31ኛው በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ጮኸበት። ረጋ ብሎ የመለሰው አንዱ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሆኑን፣ ይህም በእኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ ያለ ፈቃድ ማስገባት እንደሚያሳስር ጻፈ። ከዚያ ወሬው ስለ ቱርክ ሠራሹ ኢኮልፒ ሆነና ለጥቂት ምላሾች ከመንገድ ወጣን።

36ኛ። ሽጉጡን በጥሬ ገንዘብ ሊሸጥልኝ የፈለገ የሜሪላንድ ሰው።

37ኛ። ተቆጣጣሪው 36ኛውን አስቆመ፤ እዚህ መድረክ ላይ ሽያጭ ክልክል ነው። ደግሞም በተለያየ ግዛት የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ሽጉጥ እጅ በእጅ መሸጥ አይችሉም፤ በገዢው ግዛት ባለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት። መግዛት ለማይፈቀድለት ዘመድ ብሎ በራስ ስም መግዛትም የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ከ2022ቱ ሕግ ወዲህ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። ዘመዴ መግዛት አይችልምና እኔ ልግዛለት የሚል ደግነት እዚህ አይሠራም።

38ኛ። የእኔ። ሺልድ ፕላስና ፒ365 ተኩስ ሜዳ ላይ ተከራይቼ ሞከርኳቸው። የፒ365ቱ አጭር እጀታ ትንሿ ጣቴን ባዶ ላይ ስላንጠለጠለብኝ ወደ ሺልዱ አደላሁ። ያገለገለ የድሮ ሺልድ ላይ ዓይኔን ጥያለሁ፤ የቀረውን ገንዘብ ለማኅደር፣ ለሳጥንና ለጥይት። ሥልጠናው የሚመጣው ቅዳሜ ነው።

39ኛ። 9ኛው ሰው ተመልሶ፣ ከጅምሩ ይህን ብባል ኖሮ ሠላሳ ምናምን ምላሽ ባልባከነ ነበር ብሎ ነገረኝ።

40ኛ። ባለቤቷ ግራኝ የሆነ እህት፣ የድሮው ሺልድ መቆለፊያና ካዝና መልቀቂያ ለግራ እጅ ይመች እንደሆነ ጠይቃለች። እስካሁን አልተመለሰላትም፤ ግራኝ ሆኖ የያዘው ሰው ካለ ከዚህ በታች ይጻፍላት።